ክርና ክፍተት፦ ውሃ የሚመጥ ጨርቅ የመሥራት ማስታወሻ

ዓላማው

የሚሠራው አንድ የእጅና የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ነው። ስፋቱ 40 ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በእጅ የተሸመነ፣ ውሃ ቶሎ የሚመጥ፣ ቶሎም የሚደርቅ። ሁለቱ መስፈርቶች እንደማይስማሙ ከጅምሩ ግልጽ ነው፤ ብዙ ውሃ የያዘ ጨርቅ ለመድረቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ግን ይኸው አለመስማማት ነው። ጨርቅን ሁልጊዜ እንለብሰዋለን፣ እንጠቀልልበታለን፣ እንወለውልበታለን፤ ምን እንደሆነ ለመረዳት ግን አንድ ቁርጥ ያለ ሥራ ሰጥቶ ያንን እንዴት እንደሚወጣ መከታተል ይሻላል።

ልኬቶቹ በሙሉ በኩሽና ሚዛንና በተራ ማስመሪያ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሁለት ግራም ወዲህ ወዲያ ሊሉ ይችላሉ።

ክሩን መለየት

የነበሩኝ ክሮች ከተለያየ ቦታ የተጠራቀሙ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጥቅሎች ምን እንደሆኑ የሚናገር ወረቀት የላቸውም። በእጅ ዳስሶ መገመት አያስተማምንም፤ ዛሬ ሰው ሠራሹ ፖሊስተር ጥጥ እስኪመስል፣ ሌላው ሰው ሠራሽ አክሪሊክም ሱፍ እስኪመስል ድረስ ይፈተላል። ስለዚህ የእሳት ሙከራ አደረግሁ። ዕቃው ወረንጦ፣ ሻማ፣ ውሃ ያለበት የብረት ሳህንና የተከፈተ መስኮት ብቻ ነው። ክሩን በጣት መያዝ ክልክል ነው፤ ሰው ሠራሽ ክር ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ጥጥ ነበልባሉ ሲነካው ወዲያው ይያያዛል። የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ የሚተወውም በጣት ሲነኩት ብን የሚል ግራጫ አመድ ነው። ወረቀትም ጥጥም ሴሉሎስ የሚባለው የተክል ቁስ ስለሆኑ የሽታቸው መመሳሰል አያስገርምም። ሱፍ እየተንጨረጨረ በዝግታ ይነዳል፣ ከእሳቱ ሲያርቁት በራሱ ይጠፋል፣ ሽታውም የተቃጠለ ጸጉር ነው፤ እንደ ጸጉር ሁሉ የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነውና። ፖሊስተር ደግሞ ገና እሳቱ ሳይደርስበት ተሸምቅቆ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከዚያ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝ በጥፍር የማይሰበር ጥቁር እንክብል ሆኖ ይቀራል።

አንዱ ጥቅል ግን አስቆመኝ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሲዳስሱት ጥጥ ነው። ሲነድም ወረቀት ሸተተ። አመዱን በወረንጦ ጫፍ ስበትነው ግን በመካከሉ የአሸዋ ቅንጣት የሚያህሉ ጠንካራ ጥቁር ነጥቦች አገኘሁ። የጥጥና የፖሊስተር ድብልቅ ነው። ለሸሚዝ ጥሩ ነው፤ ቶሎ አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም፤ ወደ ጎን አስቀመጥሁት።

የመረጥሁት ንጹሕ ጥጥ ነው። አንደኛው ምክንያት እርጥበት ነው። አየሩ በ20 ዲግሪ ሙቀትና በ65 በመቶ እርጥበት ላይ ሲሆን ጥጥ ከደረቅ ክብደቱ 8.5 በመቶ ገደማ ውሃ ከአየር ብቻ ይወስዳል። ሱፍ 16 በመቶ ገደማ፣ ሊነን (የተልባ ክር) 12 ገደማ፣ ናይለን 4 ገደማ፣ ፖሊስተር 0.4 ብቻ። ሁለተኛው ምክንያት ጥንካሬ ነው፤ ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም። ከእንጨት ሴሉሎስ የሚሠራው ቪስኮስ ግን ሲረጥብ ከጥንካሬው ግማሽ የሚጠጋውን ያጣል፤ ታጥቦና ተጨምቆ ለሚኖር ጨርቅ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ሦስተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ፖሊስተር 260 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ጥጥ አይቀልጥም፣ ይከስላል። በምድጃ አጠገብ ለሚንጠለጠል ጨርቅ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የክሩ ውፍረትና ጥምዝ

የክር ውፍረት በሚሊ ሜትር አይነገርም፤ ክር ሲጫኑት ይጠፈጠፋል፣ ሲስቡት ይቀጥናል። የሚለካው በክብደቱ ነው። ቴክስ የሚባለው መለኪያ የ1000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ሲሆን፣ ዴኒየር ደግሞ የ9000 ሜትር ክብደት ነው። የኔ ሚዛን ከአንድ ግራም በታች ስለማያነብ 100 ሜትር ክር በሳንቃ ላይ ጠቅልዬ መዘንሁት፤ 30 ግራም ሆነ። ስለዚህ ክሩ 300 ቴክስ ነው። ለእጅ ሽመና የሚመች፣ ወፈር ያለ ክር ነው።

ቀጥሎ ክሩን በማስመሪያው ላይ ጎን ለጎን፣ ሳይደራረብና ሳይጠብቅ ጠቀለልሁት። በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 10 ዙር ገባ። ለቀላል ሽመና፣ ማለትም ማጉ (አግድም የሚገባው ክር) አንድ ድር (በቁመት የተወጠረውን ክር) ከላይ አንድ ድር ከታች እያለ ለሚሄድበት ሽመና፣ የድሩ ብዛት የዚህ ግማሽ ይሆናል። በሁለት ድሮች መካከል ማጉ የሚያልፍበት አንድ የክር ውፍረት ያህል ቦታ መቅረት አለበትና። ስለዚህ በሴንቲ ሜትር 5 ድር፣ በ40 ሴንቲ ሜትር 200 ድር።

ጥምዙንም አየሁ። ክሩ የተደረበ ነው፤ ነጠላዎቹ በአንድ አቅጣጫ ተጠምዝዘው ሲደረቡ በተቃራኒው ይጠመዘዛሉ፣ ሁለቱ ጥምዞች እርስ በርስ ስለሚመጣጠኑም ክሩ በራሱ ላይ አይጠቀለልም። ጥምዙ የጠበቀ ክር ጠንካራ ነው፣ ለድር ይሆናል፤ ነገር ግን ፋይበሮቹ ተጣብቀው ስለሚያዙ ውሃ የሚገባበት ቦታ ያንሳል። ለማግ የላላ ጥምዝ ያለውን፣ በውፍረት ከድሩ ጋር እኩል የሆነ ሌላ ጥቅል መረጥሁ።

ፍሬሙ

ከአራት እንጨቶች ቀለል ያለ ፍሬም ሠራሁ፤ የውስጥ ስፋቱ 60፣ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር። መጋዝ፣ መሰርሰሪያ፣ በየማዕዘኑ ሁለት ብሎን፣ የእንጨት ሙጫ፣ ብርጭቆ ወረቀት። ብርጭቆ ወረቀቱ ትንሽ ነገር መስሎ ቢታይም እንጨቱ ላይ የቀረ አንድ ስንጣሪ ድሩን ቀስ በቀስ እየላገ ይበጥሳል፤ ክር የሚነካው ቦታ ሁሉ በጣት ሲሄዱበት መሻከር የለበትም።

ምስማሮቹን ከላይና ከታች በሁለት ረድፍ፣ እየተፈራረቁ መታሁ። አንድ ምስማር ላይ የዞረ ክር ሁለት ድር ስለሚሰጥ በሴንቲ ሜትር ሁለት ተኩል ምስማር ይበቃል። በአንድ ረድፍ ቢመቱ ግን እንጨቱ በስንጥቁ መስመር ይከፈላል።

ድሩ ሲዘረጋ የመጣው ችግር ከምስማሩ ሳይሆን ከእንጨቱ ነበር። ዳርና ዳር ያሉት ድሮች እንደ ክራር ተወጥረው የመሀሎቹ ላሉ። መጀመሪያ የዘረጋኋቸውን ክሮች እንደገና አጠበቅሁ፤ ሲጠብቁ ሌሎቹ ላሉ። ሒሳቡን ስሠራው ነገሩ ግልጽ ሆነ። እያንዳንዱ ድር 200 ግራም ያህል ኃይል ብቻ ቢስብ እንኳ 200 ድር በአንድነት 40 ኪሎ ግራም ይስባል። የላይኛውና የታችኛው እንጨት 4 በ4 ሴንቲ ሜትር ነበሩ፤ በዚያ ጭነት መሀላቸው ወደ ውስጥ ጎበጠ።

መፍትሔው 4 በ8 ሴንቲ ሜትር እንጨት መጠቀም፣ እሱንም በሰፊው ጎኑ የመሳቡን አቅጣጫ እንዲቋቋም አድርጎ ማቆም ነው። በመሳቡ አቅጣጫ ያለው የእንጨት ቁመት እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይጨምራል። ከተቀየረ በኋላ ጉብጠቱ በዓይን አይታይም።

ሌላ አንድ ነገር ጨመርሁ። ማጉ በገባ ቁጥር ድሩ ከላይና ከታች እየዞረ ስለሚሄድ ርዝመቱ ይበላል፤ ሽመናው ወደ ፍጻሜ ሲቃረብ ድሩ በጣም ይወጠርና ማጉን ማስገባት ይከብዳል። ስለዚህ ድሩ ከመዘርጋቱ በፊት በታችኛው እንጨት ላይ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አስቀምጬ ድሩ በላያቸው እንዲያልፍ አደረግሁ። ሽመናው ሲገፋ አንዱን፣ ቆይቶም ሌላውን መዝዤ አወጣሁ፤ ድሩም በዚያው ልክ ረገበ።

ሽመናው

ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ድሮች በሙሉ በአጫጭር የክር ቀለበቶች ከአንድ ዘንግ ጋር አሠርሁ። ዘንጉ ሲነሣ እነሱ ይነሣሉ፣ ድሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ማጉን የያዘው መወርወሪያ በመካከል ያልፋል። ለተቃራኒው ረድፍ ደግሞ ሙሉ ቁጥሮቹን የሚያነሣ ጠፍጣፋ ሳንቃ በጀርባ በኩል ተኝቷል፤ በጠርዙ ሲያቆሙት መንገዱን ይከፍታል። ቀለበቶቹ ርዝመታቸው እኩል ካልሆነ የተወሰኑት ድሮች ዝቅ ብለው ይቀሩና መወርወሪያው በላያቸው ያልፋል። በሁለት ምስማር መካከል እየለኩ ማሠር ይህን ያስቀራል።

በ40 ሴንቲ ሜትር ስፋት መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል ቀላል ነው። ስፋቱ ክንድ ከሚደርስበት ካለፈ ግን አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 በገመድ ስበት የሚወረወረውን መወርወሪያ በእንግሊዝ ያስመዘገበው ለዚሁ ችግር ነው፤ ከዚያ በፊት ሰፊ ጨርቅ ለመሥራት ሁለት ሸማኔ ጎን ለጎን ይቀመጥ ነበር።

አስቸጋሪው ጠርዙ ነው። ማጉ ቀጥ ብሎ ከገባ በማበጠሪያው (ማጉን ወደ ተሸመነው በሚገፋው ባለ ጥርስ መሣሪያ) ሲመታ በድሮቹ ላይና ታች ለመዞር የሚያስፈልገውን ርዝመት ከጠርዝ ይስባል፤ ጨርቁም ከረድፍ ወደ ረድፍ ይጠባል። 40 የነበረው ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር እንኳ ሳይሸመን ወደ 37 ወረደ። ያንን ፈታሁትና ማጉን ከመምታቴ በፊት በቅስት ቅርጽ፣ መሀሉ ከፍ ብሎ፣ ማስተኛት ጀመርሁ። የቅስቱ ትርፍ ርዝመት ለመዞሪያው ይውላል። ስፋቱም ቆመ።

ከማበጠሪያው ጋር የተያያዘ ሌላ ፈተናም አለ። ማጉን በኃይል ከመቱት በሴንቲ ሜትር 7 ወይም 8 ረድፍ ይገባል፤ ጨርቁ ጥብቅና ደረቅ ይሆናል። እኔ የምፈልገው 5 ነው፤ ድሩም 5 ማጉም 5። ስለዚህ መታ ሳይሆን ገፋ ማድረግ፣ በየ10 ረድፉም በማስመሪያ መለካት።

የተጠናቀቀው ጨርቅ ወጪ በክር ሲታሰብ፦ ድሩ 54 ግራም፣ ማጉ 38 ግራም፣ በድምሩ 92። ከድሩ ወደ ሲሶ የሚጠጋው በላይና በታች ሳይሸመን ቀርቶ ተቆርጧል። ይህ የፍሬም ትልቁ ብክነት ነው።

ውሃ አልመጠጠም

ጨርቁን ከፍሬሙ አውርጄ ጫፎቹን አጥፌ ሰፋሁ፤ ከዚያ ዘርግቼ አንድ የውሃ ጠብታ ጣልሁበት። ጠብታው ክብ ሆኖ ተቀመጠ። ጨርቁን ሳዘነብለው ተንከባለለ። ሰዓት ይዤ ደግሜ ሞከርሁት፤ ደቂቃ ሙሉ ቆይቶም ከሥሩ በትንሹ ከመጨለም በቀር አልገባም።

ንጹሕ ጥጥ ነው፣ ሽመናው ክፍት ነው፣ የማጉ ጥምዝ የላላ ነው፤ ግን ውሃ አይገባም። ምክንያቱ ተክሉ ራሱ ያደረገው ነው። የጥጥ ፋይበር ሲበቅል በቀጭን ሰም ተሸፍኖ ይወጣል። ሰሙ ከፋይበሩ ክብደት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ያለው በውጪኛው ገጽ ላይ ስለሆነ ውሃውን ለመመለስ ይበቃል። ያልነጣና ያልተቀቀለ የጥጥ ክር ገዝቶ የሸመነ ሰው ሁሉ ይገጥመዋል። በፋብሪካ ለድር የተዘጋጀ ክር ከሆነ ደግሞ በላዩ የስታርች ሽፋን ይጨመርበታል፤ በሽመና ጊዜ ክሩ እንዳይበጠስ የሚደረግ ነው።

መፍትሔው መቀቀል ነው። በሊትር ውሃ 5 ግራም ያህል የልብስ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙናም ጨምሬ ከአንድ ሰዓት በላይ በዝግታ ቀቀልሁት። ድስቱ የማይዝግ ብረት መሆን አለበት፤ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል። ጓንትም ያስፈልጋል። ውሃው ጥርት ብሎ ጀመረ፣ ቀስ በቀስ ቢጫ፣ በመጨረሻም ደማቅ ሻይ የሚመስል ቡናማ ሆነ። ያ ሁሉ ንጹሕ ከመሰለው ነጭ ክር የወጣ ሰም፣ ፔክቲን የሚባል የተክል ሙጫና ቆሻሻ ነው። ውሃውን ቀይሬ አለቀለቅሁና አደረቅሁት።

ጠብታው ጨርቁን እንደነካ ጠፋ። ዓይን ሊከታተለው አልቻለም፤ የቀረው የሳንቲም ስፋት ያለው እርጥብ ክብ ነው። በጨርቅ ማምረቻ ሥራ ጠብታው በ5 ሰከንድ ውስጥ ከገባ ጨርቁ በቂ መምጠጥ አለው ይባላል። ከዚህ በኋላ አንድ ደንብ ይከተላል፤ ይህን ጨርቅ በልብስ ማለስለሻ ማጠብ አይገባም። ማለስለሻ በፋይበሩ ላይ ቅባትነት ያለው ንጣፍ ስለሚተው በመቀቀል የተወገደውን ሰም በሌላ መልክ መመለስ ይሆናል።

ከቅቅሉ በኋላ ስፋቱ 36.5፣ ርዝመቱ 55 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 72 ግራም ሆነ። መሸማቀቁ የሚጠበቅ ነው፤ በፍሬሙ ላይ ተወጥሮ የነበረው ክር ሲረጥብ ያብጣል፣ ውጥረቱን ይለቅቃል፣ መዞሪያውም ይጠልቃል።

ውሃው የት ነው ያለው?

ጨርቁን ውሃ ውስጥ ነከርሁ፣ መንጠባጠቡ እስኪያቆም ሰቅዬ መዘንሁ። 140 ግራም ውሃ ይዟል፤ የራሱን ክብደት ሁለት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ይህ ቁጥር ላይ ብዙ ቆየሁ። የጥጥ ፋይበር ራሱ እስከ መጨረሻው ሲያብጥ በውስጡ የሚይዘው ውሃ የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው። ከ72 ግራም ጥጥ ይህ 36 ግራም ቢሆን ነው። የቀረው ከ100 ግራም የሚበልጠው ውሃ በፋይበሩ ውስጥ የለም። ያለው በፋይበርና በፋይበር መካከል፣ በክርና በክር መካከል፣ ድርና ማጉ በሚተላለፉበት ጥግ ነው። ማለትም ባዶ በነበረው ቦታ። የጥጥ ድርሻ ውሃውን መቀበልና በጠባቡ ክፍተት ውስጥ ስቦ ማስገባት ነው፤ ማከማቻው ክፍተቱ ነው።

እስካሁን የለካሁት ሁሉ ክር ነበር፦ ውፍረቱ፣ ክብደቱ፣ ብዛቱ። ጥምዝ ሲላላ የሚጨምረው፣ ማበጠሪያው በኃይል ሲመታ የሚጠፋው ግን ክሩ አይደለም። ከዚህ በኋላ ጨርቅን የማየው ክርና ክፍተት በአንድነት የተደራጁበት ነገር አድርጌ ነው፤ አንዱን ብቻ ቆጥሮ ጨርቁ ምን እንደሚሠራ መናገር አይቻልም።

አንድ ማነጻጸሪያ ይህን አጸናልኝ። በመጀመሪያው ጨርቅ፣ በፍሬሙ ላይ እያለ፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር 25 መተላለፊያ ቀዳዳ አለ። ለወባ መከላከያ አጎበር የሚጠየቀው ዝቅተኛ ቁጥር ደግሞ በካሬ ሴንቲ ሜትር 24 ቀዳዳ፣ በካሬ ኢንች 156 ነው። ቁጥሩ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን የአጎበሩ ክር 100 ዴኒየር ገደማ፣ ማለትም 11 ቴክስ ብቻ ነው፤ የኔው 300። አጎበሩ በሹራብ ዘዴ ብዙ ጊዜ ከፖሊስተር ይሠራል፣ አብዛኛው ስፋቱ ክፍት ነው፣ አየር ያሳልፋል፣ ትንኝ ያስቀራል። የኔው ከስፋቱ ሩብ ያህሉ ብቻ ክፍት ነው፣ ከታጠበ በኋላ ደግሞ ያም ይጠባል። እኩል ቀዳዳ ተቆጥሮ አንዱ መረብ ሌላው ፎጣ የሆነው በዚህ ነው።

ናሙናዎች

ሁለተኛውን ጨርቅ ከመጀመሬ በፊት በትንሹ ስፋት ናሙናዎች ሠራሁ። ለዚህ አንድ ዘንግ አይበቃም፤ በአራት ዘንግ ድሮቹን በአራት ወገን ከፈልኋቸው።

ሰያፍ ሽመና፣ ትዊል የሚባለው፣ ማጉ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች እያለ በየረድፉ አንድ ድር ይሸጋገራል። መተላለፊያው ስለሚያንስ ክሮቹ ይበልጥ ይቀራረባሉ፤ በሴንቲ ሜትር 6 ወይም 7 ድር ይገባል። ጨርቁ ከባድ ሆኖ ሳለ ለስላሳና ተጣጣፊ ነው። ጂንስ የዚህ ዘመድ ነው፤ በጂንስ ድሩ ሦስት ከላይ አንድ ከታች ይሄዳል፣ ሰማያዊ የሚቀባውም ድሩ ብቻ ስለሆነ ውስጡ ነጣ ይላል። ለሥራ ልብስ የሚመረጥ ሽመና ነው። ውሃ የመያዝ አቅሙ ግን ከቀላሉ ሽመና ብዙም አልራቀም።

የተለየ ውጤት የሰጠው የማር እንጀራ የሚባለው ባለ ጉድጓድ ሽመና ነው። ስድስት ድር እየደጋገመ፣ በአንዱ ቦታ ድርና ማግ ጠበቅ ብለው ይተላለፋሉ፣ በዙሪያው ደግሞ ረዣዥም ክሮች ሳይያዙ ያልፋሉ። በፍሬሙ ላይ ሲታይ ጠፍጣፋ ነው፤ ተስፋ የሚሰጥ ነገር የለውም። ሙቅ ውሃ ሲነካው ግን ያልተያዙት ረዣዥም ክሮች ይሰበሰቡና ግድግዳ ሆነው ይቆማሉ፣ የተያዘው መሀል ይሰምጣል። 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው ናሙና 15.5 ሆነ። የጠፋው ስፋት ወደ ውፍረት ተለውጧል።

ንድፉ ከስድስት ድር ቢያልፍና አበባ ወይም ፊደል ለመሥራት ቢፈለግ አራት ዘንግ ምንም አያደርግም፤ እያንዳንዱን ድር ለብቻው ማዘዝ ያስፈልጋል። ዣካር እ.ኤ.አ. በ1804 በፈረንሳይ ያቀረበው መሣሪያ ይህን የሠራው በተበሳ ካርቶን ነው፤ ቀዳዳ ያለበት ቦታ ድሩ ይነሣል፣ የሌለበት ይቀራል።

በዚሁ አጋጣሚ ከሱፍ ክር የሠራሁትን አንድ ናሙና በሙቅ ውሃና በሳሙና አሸሁት። የሱፍ ፋይበር ገጹ ቅርፊት አለው፤ ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና አይላቀቁም። ሽመናው ጠፋ፣ ድሩን ከማጉ መለየት አልተቻለም፣ 20 ሴንቲ ሜትሩ ወደ 13 ወረደ። በመቀስ ስቆርጠው ጠርዙ አልተተረተረም። ጨርቅ ለመሆን መሸመን ግዴታ አይደለም፤ ፌልት የሚባለው ጨርቅ ያለ ክር፣ ከፋይበር በቀጥታ በዚህ መንገድ ይሠራል። የፒያኖ መዶሻዎችም የሚሸፈኑት በእሱ ነው።

ሁለተኛው ጨርቅ

ባለ ጉድጓዱ ሽመና በሴንቲ ሜትር 6 ድር ስለሚፈልግ የምስማሮቹ ርቀት አልተስማማም። ምስማሮቹን ነቅዬ ድሩን በቀጥታ በላይኛውና በታችኛው እንጨት ላይ ጠቀለልሁት፤ ርቀቱን ለማስተካከል በየድሩ መካከል ሲባጎ እያቋለፍሁ አሳለፍሁ። ይህ ከምስማር ይሻላል። ርቀቱን እንደ ፍላጎት ማጥበብና ማስፋት ይቻላል፣ እንጨቱም አይሰነጠቅም።

መሸማቀቁን አስቀድሜ አሰብሁ። 48 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 288 ድር፣ 48 ድግግሞሽ፣ የሚሸመነው ርዝመት 70። ድሩ 78 ግራም፣ ማጉ 63 ግራም ወሰደ። ከመጀመሪያው በግማሽ የሚበልጥ ክር ነው። ረዣዥሞቹ ክሮች በጠርዝ በኩል እንዳይንጠለጠሉ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ድር ሁልጊዜ በቀላል ሽመና እንዲያዙ አደረግሁ።

ከተቀቀለ በኋላ፦ ስፋቱ 37፣ ርዝመቱ 55፣ ክብደቱ 118 ግራም። ነክሬ ሰቅዬ ስመዝነው 320 ግራም ውሃ ያዘ። በስፋት ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሊባል ይችላል፤ ውሃው ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ክሩ በግማሽ ጨምሮ ውሃው ከእጥፍ ያለፈው ጉድጓዶቹ በጨመሩት ባዶ ቦታ ነው።

የመድረቁን ነገር በሁለት መንገድ ሞከርሁት። ሁለቱም እስከ ጥጋቸው ጠጥተው ሲሰቀሉ ቀላሉ ጨርቅ ቀድሞ ይደርቃል፤ የሚጠበቅ ነው። ሁለቱም እኩል 50 ግራም ውሃ ብቻ ይዘው ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ግን ባለ ጉድጓዱ ትንሽ ቀድሞ ደረቀ። ግድግዳዎቹ አየር የሚነካውን ገጽ ስለሚያሰፉ ነው። በተግባር የሚገጥመው ሁለተኛው ሁኔታ ነው፤ ዕቃ የሚያደርቅ ሰው ጨርቁን እስኪንጠባጠብ አያረጥበውም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የማይታረቁ የመሰሉኝ ሁለት መስፈርቶች በዚህ ሽመና ተቀራርበዋል።

ጉድለቱ አንድ ነው። ረዣዥሞቹ ክሮች በሹል ነገር ይያዛሉ፤ የሹካ ጫፍ አንዱን መዝዞ አወጣው። በመርፌ ወደ ውስጥ መለስሁት። ለብርጭቆና ለሳህን ባለ ጉድጓዱ፣ ለቢላዋና ለሹካ ቀላሉ ይሁን ብዬ ወስኛለሁ።

ክፍተቱ የማይፈለግበት ቦታ

ጎን ያስቀመጥሁትን ድብልቅ ክርና የተረፈውን ፖሊስተር በጣም ጠበቅ አድርጌ ሸመንሁት፤ ማጉንም የቻልሁትን ያህል መታሁት። የወጣው ጨርቅ ለፎጣ አይረባም። አፍ ላይ አድርጎ ሲነፉበት እስትንፋስ በችግር ያልፋል። ግን ይህ ራሱ ተፈላጊ ባሕርይ ነው። የጀልባ ሸራ ነፋሱን ካሳለፈ ጀልባው አይሄድም። የመኪና ኤርባግ በጥብቅ ከተሸመነ ናይለን ይሠራል፣ ብዙ ጊዜም በሲሊኮን ይቀባል፤ ጋዙ ሲሞላው ለቅጽበት መያዝ አለበት። ዣንጥላም እንደዚሁ።

በተቃራኒው ጫፍ የቁስል ፋሻ አለ፤ ክሩ ቀጭን፣ ሽመናው እጅግ የላላ ነው፣ ፈሳሹን ይቀበላል፣ አየርም ይደርሰዋል። በመንገድ ሥራ ከጠጠሩ ሥር የሚነጠፈው ጂኦቴክስታይል ደግሞ ሁለቱን ያጣምራል፤ ውሃ ያሳልፋል፣ አፈሩ ከጠጠሩ ጋር እንዳይቀላቀል ግን ይከለክላል። አብዛኛው አይሸመንም፤ ፋይበሩ ተነጥፎ በመርፌ እየተወጋ ይያያዛል። የሱፍ ሹራብ የሚያሞቀውም በክሩ ብቻ አይደለም፤ በተጠማዘዙት ፋይበሮች መካከል የታሰረው አየር ነው ሙቀቱን የሚይዘው። ሹራቡ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሲጠብቅ አየሩ የሚያዝበት ቦታም ይቀንሳል።

የቀረው ሥራ

ቀዳሚው የብክነቱ ጉዳይ ነው። የላይኛውንና የታችኛውን እንጨት የሚዞር ዘንግ አድርጌ፣ በየጫፉ የጥርስ መቆለፊያ ገጥሜ፣ ረጅም ድር እንዲጠቀለልበት ላደርግ ነው። ሳይሸመን የሚቀረው ርዝመት ለእያንዳንዱ ድር ያው ነው፤ በአንድ ድር ሦስት አራት ጨርቅ ከተሠራ ብክነቱ ይካፈላል። ዘንጉ ክብ እንጨት ከሆነ ውፍረቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፤ 288 ድር በ200 ግራም 58 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባል።

ከዚያ በኋላ ባለ ጉንጉን ፎጣ። እሱ ሁለት ድር ይፈልጋል፦ አንዱ ተወጥሮ ጨርቁን የሚይዝ፣ ሌላው ላልቶ ማጉ ሲገፋ ቀለበት የሚሠራ። ሁለቱ በተለያየ ዘንግ ላይ በተለያየ ውጥረት መጠቅለል ስላለባቸው የታችኛው ማሰሪያ ሁለት ዘንግ እንዲቀበል አድርጌ እየቆረጥሁት ነው።